ይግቡበት፤ እኔ አጥብዎታለሁ

ይህ የሆነው እኔ ውኃ ቀጂ በነበርኩባት ከተማ ነው። ስሟን የማልጠራው ፈርቼ አይደለም። የከተማዋ ሰዎች ስማቸው ሲጠራ ከመጠን በላይ ደስ ስለሚላቸው፣ ያችን ደስታ ከእኔ እንዳያገኟት ብዬ ነው። የማወራው ስለ አጣቢው ስለ ቀጸላ ነው። አብዛኛውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ በልቡ የነበረውን ደግሞ ኋላ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ራሱ ነግሮኛል።

ከተማዋ የመንገደኛ መተላለፊያ ናት። ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርደው፣ ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣው ሁሉ በበሯ ያልፋል። ድሮ ከበሩ ፊት ለፊት ረግረግ ነበር አሉ። መንገደኛው ያንን አቋርጦ፣ እስከ ባቱ ጭቃ ለብሶ ሲመጣ አይተው ያዘኑ ጥቂት ምእመናን፣ ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን አስበው፣ ውኃና ፎጣ ይዘው በሩ ላይ መቀመጥ ጀመሩ። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ እነማን እንደነበሩ የሚያውቅ የለም። ስማቸውን የትም አልጻፉም። የዛሬዎቹ አጣቢዎች ይህን እንደ ትልቅ የአሠራር ጉድለት ያነሱታል።

ቀስ በቀስ ነገሩ ቤት ሆነ፤ ቤተ እጥበት ተባለ። ከዚያ አንድ ዓመት ዝናብ ጠፋና ረግረጉ ደረቀ። መንገደኞች በንጹሕ እግራቸው፣ እንደምን ዋላችሁ እያሉ በበሩ ማለፍ ጀመሩ። አጣቢዎቹ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ቁጭ አሉ። በሦስተኛው ሳምንት ጉባኤ ተጠራ። ጉባኤው በጸሎት ተከፈተ፤ አገልግሎቱ ሊሞት መቃረቡ በእንባ ተገለጸ፤ ከዚያም ከላይ ያለው ምንጭ በቦይ ተጠልፎ መንገዱ ላይ እንዲለቀቅ በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ለዚህም የጭቃ ሹም ተሾመ። ሥራው ጭቃው እንዳይደርቅ መጠበቅ፣ ሲቀጥን ዋልካ አፈር መጨመር፣ ሲወፍር ውኃ መልቀቅ ነው። ይህ ሁሉ የሆነው ቀጸላ ሳይወለድ ስለሆነ፣ ቦዩን በየቀኑ እያየው፣ ጭቃው ከፍጥረት ጀምሮ እዚያው የነበረ ያህል ለምዶት ነበር ያደገው።

ሕጉም ተስተካከለ። በበቅሎ የመጣ ይወርዳል፤ የበቅሎ እግር በአገልግሎቱ ውስጥ አይገባምና። ጫማ ያለው ያወልቃል። በጭቃው ያላለፈ አይታጠብም፤ ያልታጠበ በበሩ አይገባም። ከጭቃው ጎን ሁለት ክንድ የምትሰፋ ደረቅ መንገድ ቀርታ ነበር። እሷ የአጣቢዎችና የሹማምንት ሆነች፤ ለማገልገል ሲጣደፉ እንዳይቆሽሹ።

እሑድ እሑድ ከጸሎት በኋላ እያንዳንዱ አጣቢ፣ በሳምንቱ ካጠበበት ውኃ እጅግ የደፈረሰውን በሳፋው ይዞ ደጀ ሰላሙ ላይ ይሰለፋል። የድፍርስ መርማሪው ነጭ ፈትል ሳፋው ውስጥ ነክረው፣ አውጥተው ለሕዝቡ ያሳያሉ። ፈትሉ ግራጫ ከሆነ አሜን ይባላል፤ ቡናማ ከሆነ ይጨበጨባል፤ ከጠቆረ እልልታ ነው። የቤቱ አለቃም መርማሪው ራሳቸው ናቸው፤ ቀና፣ ጨዋ ሰው ናቸው። የሚመረምሩት ውኃውን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ ምርመራ በከተማችን አልተለመደም።

አጣቢ የሚከበረው በጉልበቱም ነው። ተንበርክኮ ስለሚያጥብ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ያልቃል፣ ያለቀ ጉልበት ደግሞ በሰው ፊት ሞገስ ነው። ልብስ ሰፊዎቻችን ይህን አይተው ጉልበቱ አስቀድሞ ያለቀ አዲስ ሱሪ ሰፍተው መሸጥ ጀመሩ። ከደህናው ሱሪ ይወደድ ነበር፤ ሆኖም ገበያው ደርቶለታል።

ሸዋንግዛው የሚባል አንድ አጣቢ ነበር፤ የቀጸላ ተፎካካሪ። ሳፋው ከሁሉ ቀድሞ የሚጠቁርበት ምክንያት ሲጣራ፣ የመንገደኞቹን እግር ከማጠቡ በፊት በከሰል እንደሚያሽ ተደረሰበት። ጉባኤው ተቀመጠና ነገሩን በጥሞና አየው። ሰውየው ያደረገው ለአገልግሎቱ ከመቅናት የተነሣ ሆኖ ስለተገኘ፣ ከሰል ከሃያ ዓመት በላይ ላገለገሉ አጣቢዎች እንዲፈቀድ ተወሰነ።

መንገደኞቹ እያደር ቀነሱ። በገደሉ አፋፍ በኩል የፍየል መንገድ አገኙ፤ ጠባብ ነው፣ ሰው ያንሸራትታል፣ ግን ደረቅ ነው። በከተማችንም በዘመናችን የመንገደኞች ፍቅር እንዴት እንደቀዘቀዘ ረጅም ስብከት ተሰበከ። እኔ ራሴ ሰምቼ አልቅሻለሁ።

ቀጸላ በዚህ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት አገልግሏል። ከሰል ነክቶ አያውቅም፤ ይህን መመስከር አለብኝ። ሥራውን ያውቃል፤ ውኃውን በክርኑ ሙቀቱን ሳይሞክር እግር አይነክርም፣ በጣቶች መካከል ሲያጥብ መንገደኛው ዓይኑን ይጨፍናል። የሚያጥበው ግን በአንድ ዓይኑ ነበር። ሌላው ዓይኑ ማን እያየው እንደሆነ ሲቃኝ ይውላል። ሰው ሲያልፍ ጸሎቱ ከፍ ይላል፣ ሰው ከሌለ ዝቅ ይላል፤ ከዚያም ጨርሶ ይቀራል። ይህን ሲነግረኝ እኔ ለሃያ ሁለት ዓመት ውኃ ሳቀብለው እንዴት እንዳላየሁ ገረመኝ። ለካ እኔም የማየው የሚያየኝን ሰው ነበር።

በዚያ ዓመት ሊቀ አጣቢው ሞቱ። ሊቀ አጣቢነት የዕድሜ ልክ ነው፤ ወንበር አለው፣ ነጭ ካባ አለው፣ በጸሎት ጊዜ ከሁሉ ፊት መቆም አለው። ቦታው የሚሰጠው እስከ ቤቱ ዓመታዊ በዓል፣ እስከ ሳፋ በዓል፣ ባሉት እሑዶች ፈትሉ ከሁሉ የጠቆረለት ሰው ነው። ቀጸላ ይህን ወንበር ሲመኝ ነው ጠጉሩ የሸበተው። ለወንድሜ ነው ብሎ ካባውን አስቀድሞ በራሱ ልክ አሰፍቶ፣ ሣጥን ውስጥ ደብቆት ነበር። ወንድም እንደሌለው ልብስ ሰፊው ያውቃል፤ ግን ሰፋለት። ሚስቱ ደብሬም ሣጥኑን ስታጸዳ ካባውን አይታ፣ አጥፋ መልሳ አስቀመጠችው።

በዓሉ ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው የሸዋንግዛው ፈትል የድስት ቂጥ መስሎ ወጣ። ሕዝቡ እልል አለ። ቀጸላም አጨበጨበ፤ ማታ ግን እህል አልበላ አለው። በነጋታው ከጧት ጀምሮ በሩ ላይ ቆሞ መንገደኛ ይጠብቅ ጀመር። ቀኑን ሙሉ ሰው አልመጣም። ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ አለፈ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ቀትር ገደማ አንዲት አሮጊት መጡ፤ እማማ ስንዱ ይባላሉ። በጀርባቸው ትንሽ ጥቅል አዝለዋል፣ በእጃቸው ምርኩዝ ይዘዋል። የቀኝ እግራቸው ተረከዝ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ጭቃው ዳር ሲደርሱ ቆሙ። ለጭቃ ሹሙም ነገሩት፤ ተረከዜ ተሰንጥቆብኝ ገና መጋጠሙ ነው፣ ልጄ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል፣ ቤቷ ከከተማዋ ወዲያ ማዶ ነው፣ እባክህ በዚያች በደረቋ ልለፍ አሉት። የጭቃ ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሕጉን በትሕትና አስረዳቸው፣ ጭቃው ዛሬ ለስለስ ያለ መሆኑንም ጨመረላቸው።

እማማ ስንዱ ቀና ሲሉ ቀጸላን አዩት። ከጭቃው ወዲያ ሳፋውን ዘርግቶ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ቆሟል። ፊቱ ደግ ነበር። እኔ ከጎኑ እንስራ ይዤ ቆሜ ነበር።

«ልጄ፣ በደረቁ ብታሳልፈኝስ?» አሉት።

ቀጸላ ጨርቁን አየው። ከጨርቁ ሥር ያለውን ገመተ። ጭቃውንም አየው፤ ዋልካው በዚያን ጧት የተጨመረ ነው። አንድ ቃል ብሎ እጃቸውን ይዞ በደረቋ መንገድ ማሳለፍ ይችል ነበር፤ የሃያ ሁለት ዓመት አጣቢን የጭቃ ሹም አይከለክለውም። ይህን በዚያች ቅጽበት እንዳወቀ ነግሮኛል።

«እማማ፣ ግድ የለም፣ ይግቡበት» አላቸው። «እኔ አጥብዎታለሁ።»

አመኑት፤ ገቡበት።

መሀል ሲደርሱ ምርኩዛቸው ሰመጠ፣ እግራቸው ተያዘ፣ ወደ ጎን ወደቁ። የጭቃ ሹሙና እኔ ገብተን አወጣናቸው። ጨርቁ ጭቃው ውስጥ ቀርቷል። ቀጸላ ተንበርክኮ ተቀበላቸውና አጠባቸው፤ እንደዚያን ቀን አድርጎ እግር ሲያጥብ አይቼው አላውቅም። ጸሎቱ እስከ ገበያው ይሰማ ነበር። ሰው ተሰበሰበ። አንዳንድ ሴቶች አለቀሱ። ውኃው መጀመሪያ ጠቆረ፣ ከዚያ ወደ ደም ሄደ፣ ከዚያ ስሙን የማላውቀው ቀለም ሆነ። ቀጸላ ሳፋውን አንሥቶ፣ ጠብ ሳያደርግ ወደ ቤተ እጥበት ወሰደውና በክዳን ከደነው።

እሑድ ፈትሉ ሲወጣ መርማሪው ራሳቸው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። እልልታው ቀለጠ። ሸዋንግዛው ጭምር አቀፈው። ከዚህ የሚጠቁር አይመጣም ተብሎ ሊቀ አጣቢነቱ ያኔውኑ ታወጀ፤ ካባውን በበዓሉ ቀን እንዲለብስ ተወሰነ። ቀጸላ እግሩ መሬት የነካ ሳይመስለው ቤቱ ገባ።

ደብሬ ምሳ አላቀረበችም። በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ያጠብካቸው ሴትዮ ከቤተ እጥበት አጥር ሥር ወድቀዋል» አለችው። «አራት ቀናቸው ነው። አላወቅህም?»

አላወቀም። እግር ከታጠበ አገልግሎቱ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ መንገደኛው ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ የአጣቢ ሥራ አይደለም። ከበሩ ውጭ ያለው የእንግዳ ማረፊያም የሚቀበለው ገና ያልታጠቡትን ነው። እማማ ስንዱ ታጥበዋል፤ ስለዚህ የትም አይገቡም። ደብሬ ከጸሎት ስትመለስ ሲያቃስቱ ሰምታ ነው ያገኘቻቸው። እሱ ሳፋውን ይዞ ወደ እልልታው ሲገባ በዚያው አጥር ሥር አልፏል።

ሁለቱ ደግፈው ወደ ቤት አስገቧቸው። እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ፣ ቆዳው ተወጥሮ ያበራል። ሐኪም ተጠርቶ መጣና አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ፈልቶ በበረደ የጨው ውኃ ጧትና ማታ ካልታጠበ እግሩ ይቆረጣል፤ ከታጠበም እናያለን አለ። እሱ ከወጣ በኋላ ደብሬ ውኃውን አፍልታ፣ አብርዳ፣ ጨው ጨምራ ቀጸላ ፊት አስቀመጠችው።

«አጣቢው አንተ ነህ» አለችው።

ተንበርክኮ ማጠብ ጀመረ። በጓዳ ነው፤ የሚያየው የለም። በመጀመሪያው ቀን ጸሎቱን ከፍ አድርጎ ሲያነበንብ፣ ጎረቤት በአጥሩ እንዲሰማው ብሎ መሆኑን ራሱ ላይ ደረሰበት። ዝም አለ። በሁለተኛው ቀን በሩን ለአየር ብሎ ወለል አድርጎ ከፈተው። ደብሬ መጥታ ዘጋችው። በአራተኛው ቀን እኔ እንስራዬን ተሸክሜ ስገባ ቀና ብሎ አየኝና ፊቱ በራ፤ የሚያየው ሰው መጣለት። ወዲያው ግን ደም መሰለ። ያን ጊዜ ያመመው መስሎኝ ነበር። ለካ ልቡን ገና በዚያች ደቂቃ ማየቱ ኖሯል፤ ሳፋውን ሃያ ሁለት ዓመት ሲያስመረምር ልቡን አንድም ቀን አስመርምሮት አያውቅም።

በሰባተኛው ቀን አንድ መንገደኛ ከማዶ ወሬ አመጣ። የእማማ ስንዱ ልጅ ወልዳለች፤ ሴት ልጅ ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። ምጡ ሁለት ቀን ፈጅቷል። እናቴ አልደረሰችም ወይ እያለች በሩን ስታይ ነው የወለደችው። እማማ ስንዱ ይህን ሲሰሙ እግዚአብሔር ይመስገን አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቀጸላ እግራቸውን እንደያዘ ነበር፤ እጁ ቆመ። በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ይለው እንደነበር ነግሮኛል፤ ግን እግሩ በእጁ ነው፣ ውኃውም ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ማጠቡን ቀጠለ።

ከቆይታ በኋላ እማማ ስንዱ ፊታቸውን መለሱ።

«ልጄ፣ ሰማዩ ደረቅ ነው፤ በመንገዴ ሁሉ አቧራ ነው የረገጥኩት» አሉ። «ያንን ጭቃ ማን አመጣው?»

«እኛ ነን።»

«ለምን?»

ቀጸላ መልሱን ፈለገው። ከጉባኤው ቃላት አንዱን ሊያነሣ ሞከረ። አልመጣለትም፤ የመጣለት እውነቱ ነበር።

«እናጥብዎ ብለን።»

እማማ ስንዱ አልተቆጡም። ውኃው በርዷል፣ ጨምርበት አሉት። ጨመረበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያጠባቸው በሁለት ዓይኑ ነው። ጸሎት ይጸልይ እንደሆነ አላውቅም፤ ከንፈሩ አይንቀሳቀስም ነበር።

የሳፋ በዓል ጧት እብጠቱ ሙሽሽ ብሎ፣ ቁስሉ ደርቆ፣ አዲስ ቆዳ አውጥቶ ተገኘ። ቀጸላ ለመጨረሻ ጊዜ አጠባቸው። ውኃው እንደጠራ ቀረ፤ የሳፋው ቂጥ ይታያል። ሊደፋው ብድግ ካለ በኋላ መልሶ አስቀመጠው። ደብሬ ካባውን ከሣጥን አውጥታ አልጋው ላይ ዘርግታለት ነበር፤ ለምን እንዳወጣችው አልነገረችውም። እሱም አልነካውም። ሳፋውን ብቻ ይዞ ሄደ።

ደጀ ሰላሙ በሰው ተጨናንቋል። ሊቀ አጣቢ ካባ ከመልበሱ በፊት አንድ ሳፋ እንዲያሳይ ልማድ ነው። መርማሪው ፈትሉን ነከሩ፤ ነጭ ሆኖ ወጣ። ደግመው ነከሩ፤ ነጭ ነው። ሸዋንግዛው ፈትሉ ሳይበላሽ አይቀርም አለና ሌላ አቀበላቸው። ሦስተኛውም ነጭ ሆኖ ወጣ። ከኋላ የነበረው ሰው ሳቀ።

መርማሪው ይህ ምንድን ነው ብለው በለሆሳስ ጠየቁት።

«እግሩ ድኗል፤ የሚታጠብ ነገር የለውም» አለ ቀጸላ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ያ የጠቆረው ፈትል የኔ ነው፤ ግን ሴትዮዋን ጭቃው ውስጥ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። በደረቁ ልለፍ ብለው ለመኑኝ። ይግቡበት፣ አጥብዎታለሁ አልኳቸው። እናንተ ያያችሁኝ ሳጥብ ነው። እግዚአብሔር ያየኝ ይግቡበት ስል ነው።»

 ውኃውን እዚያው መሬት ላይ ደፋው፣ ሳፋውን ለእኔ ሰጠኝ፣ ከዘበኛው ቤት ዶማ ተውሶ ወደ ቦዩ ሄደ።

መጀመሪያ ማንም አልተከተለውም፤ ሊቀ አጣቢ ሆኖ ዶማ ማንሣት የሚቻል መሆኑ በሕጉ አልተጻፈምና ሰው ግራ ገባው። የምንጩን አፍ ወደ ዱሮ መውረጃው መለሰው፤ ከዚያ ጭቃውን የሚያሾልክ ፈፋ ከመንገዱ ዳር መቆፈር ጀመረ። ያን ጊዜ አጣቢዎቹ ነቅተው መጡ። ምን ልንሠራ ነው አሉት። የአባቶቻችንን አገልግሎት አፈረስክብን አሉት። ሸዋንግዛው ደግሞ ከሁሉ የሚያምመውን አገኘ።

«ካባው አንሶህ ነው» አለው። «ከሊቀ አጣቢ የሚበልጥ ስም ፈልገህ ነው የምትቆፍረው።»

ቀጸላ ዶማውን አቁሞ አሰበ። እውነት አሰበ፤ እኔ ፊቱን አይቼዋለሁ። እንደዚያ ዓይነት ነገር ውስጡ ይኖር እንደሆነ በሐቅ እየፈለገ ነበር።

«ሊኖርበት ይችላል» አለ። «እየቆፈርኩ እመረምረዋለሁ። ጭቃው ግን እኔ እስክነጻ ድረስ አይጠብቅም፤ ነገም መንገደኛ ይመጣል።»

ዶማውን አነሣ። 

ደብሬ ነጠላዋን አሸርጣ መጣች። እኔ እንስራዬን አስቀምጬ ገባሁ። በሁለተኛው ቀን የጭቃ ሹሙ መጣ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ያን ጭቃ ሲያማስል እንደሰለቸው፣ የሚጠይቀው ሰው ጠፍቶ እንጂ ድሮ ይነግረው እንደነበር ተናገረ። ከሁላችንም የፈጠነው እሱ ነው፤ የት የት እንደሚወፍር ያውቃላ። በአራተኛው ቀን ሸዋንግዛው ራሱ ዶማ ይዞ መጣና፣ ከበሩ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ቦታ የትኛው እንደሆነ ጠየቀ። ቀጸላ ሳይስቅ ቦታውን አሳየው። ሸዋንግዛው እዚያ ቆሞ እስከ ማታ ቆፈረ፤ ፈፋውም በዚያ በኩል ከሌላው ቦታ እኩል ጠለቀ።

በስድስተኛው ቀን መንገዱ ደረቀ። በሰባተኛው ቀን እማማ ስንዱ ጥቅላቸውን አዝለው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ በከተማዋ በወዲያኛው በኩል ወጥተው የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ሄዱ። ደብሬ ሸኘቻቸው። ቀጸላ ገና ድንጋይ ሲደለድል ነበር፤ ከሩቅ እጃቸውን አነሡለት።

ከተማዋ እንዲህ በቀላሉ የምትለወጥ አይደለችም። ጉባኤው ተሰብስቦ ሊቀ አጣቢነቱ ወደ ሊቀ ቆፋሪነት እንዲዛወር፣ እሑድ እሑድም ጭቃ የጠገበ ዶማ በደጀ ሰላሙ እየታየ እልል እንዲባል ሐሳብ ቀረበ። ልብስ ሰፊዎች ክርኑ ያለቀ ሸሚዝ ጀመሩ። ቀጸላ ግን ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ዶማውን ወንዝ ወርዶ አጥቦ ስለሚገባ፣ ለማሳየት የሚሆን ነገር ሳይገኝ ቀረ። አንዳንዶቹ አጣቢዎች ገና ጭቃ ያለበት ከተማ አለ የሚል ወሬ ሰምተው ሄዱ። አንዳንዶቹ ቀሩና ለመንገደኛ ሸክም ማገዝ ጀመሩ፤ ሸክሙ እንዲከብድ የጨመረበት ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

ካባውን ደብሬ ፈትታ ለአንዲት ለበረዳት አራስ የልጇን መታቀፊያ እንዲሆን ሰጠቻት።

በዓመቱ ቀጸላና እኔ በሩ ዳር ያለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነበር። አሁንም እዚያ ይቀመጣል፤ ለጠማው የሚሆን ውኃ አጠገቡ አለ፣ እግሩን መታጠብ የፈለገ ካለም ያጥበዋል። ብዙ ሰው ግን አይፈልግም። መንገደኛው በዝቷል፤ የገደሉን መንገድ ለፍየሎቹ መልሰውላቸዋል።

ከደጋው በኩል ሁለት ሴቶች ሲመጡ አየን። አንደኛዋ እማማ ስንዱ ናቸው። ምርኩዝ አልያዙም። የሕፃን ቀሚስ በጥቅላቸው ጫፍ ብቅ ብሏል። ቀጸላ ከተቀመጠበት ብድግ አለ፤ ልብሱን አራገፈ፤ ፈገግታውን አዘጋጀ። እማማ ስንዱ ወሬ ይዘዋል። እፊታችን ሲደርሱ ድሮ እዚህ ጋ ጭቃ አልነበረም ወይ ብለው ጓደኛቸውን ጠየቁ፤ ጓደኛቸው እንጃ፣ እኔ አላስታውስም አለቻቸው። እማማ ስንዱ ወደ ድንጋያችን ሳያዩ በበሩ ገቡ። ቀጸላ ዞር እስኪሉ ጠበቀ። አልዞሩም፤ ለልጅ ልጃቸው ቸኩለዋል።

ቁጭ አለ። ልቡን ቆንጥጦት ነበር፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ከዚያ ለራሱ ሳቀ።

«አየህ፣ አሁንም አለ» አለኝ፣ በጣቱ ደረቱን መታ መታ እያደረገ።

 እሱ ሴቶቹ የሄዱበትን መንገድ እያየ ቆየ።

«እግራቸውን አየኸው ወይ?» አለኝ ኋላ።

አይቼዋለሁ አልኩት።

«ምን ይመስላል?»

«ደረቅ ነው» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና የውኃውን ክዳን አስተካክሎ፣ የሚመጣውን መንገደኛ ይጠብቅ ጀመር።